ቅቤ የጠጣው ዱላ

ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው መቀመጫ ስሠራ ኖሬ እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ባለቤቴ አስናቀች በረንዳ ላይ ወንበር አወጣችልኝ። ወንበሩን ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ ጥሩ የዋንዛ ወንበር ነው። ተቀመጥኩ። መንገዱን አየሁ፣ ባጃጁን አየሁ፣ የጎረቤቴ አጥር መዝመሙን አየሁ። አጥሩ አላስችል አለኝና ተነስቼ መዶሻ አመጣሁ። ጎረቤቴ ከሥራ ሲመለስ አጥሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እኔ ደግሞ የራሳችንን በር ማጠፊያ እየፈታሁ ነው። አስናቀች፣ ይህ ሰውዬ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጠው አለች። እውነቷን ነው። ይህንንም የምጽፈው ቆሜ ነው፤ የመሥሪያ ጠረጴዛዬ ቁመቱ ለቆመ ሰው ልክ ነው።

አናጢ ነኝ። ጌዶ ጀመርኩ፣ ባኮ ተቃጠልኩ፣ አምቦ ጡረታ ወጣሁ። ስለ ደሞዙ ባላወራ ይሻላል። ስለ ጡረታው ወረቀት ደግሞ ይህን ብቻ ልበል፤ የአባቴን ስም በሁለት ዓይነት ጽፈውት ስለነበር፣ አባቴ አንድ ሰው መሆናቸውን እስካስመሰክር ድረስ ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ።

ጌዶ የተመደብኩት የትምህርት ቤት ዴስክና ጥቁር ሰሌዳ በሚሠራ ወርክሾፕ ነበር። አለቃችን ማኅተም የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ሌላ የማስታውስላቸው ነገር የለም። ቤቱን የሚያንቀሳቅሱት ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ። ቀጭን፣ ቁመታቸው ከበሩ ጉበን የሚጋጭ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከአፋቸው ቃል የማይወጣ ሰው። እንጨት ሲመጣ ጆሯቸውን ለጥፈውበት በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ። «ይሄ ይናገራል» ያሉት ይገባል፤ «ይሄ ዲዳ ነው» ያሉት ለማገዶ ይሄዳል። ዲዳ የሚሉት ውስጡ እርጥበት ወይም ስንጥቅ የያዘውን ነው። እኔም እንደሳቸው ጆሮዬን ለጥፌ ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ የሰማሁት የራሴን ልብ ምት ብቻ ነበር። ልቤ ደግሞ ያኔም ይቸኩል ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሠርተህ የሰጠሃቸውን ዕቃ ያገላብጣሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ይዳብሳሉ። ካልወደዱት ምንም ሳይሉ መልሰው አጠገብህ ያስቀምጡታል። ከወደዱት ይዘውት ይሄዳሉ። በቃ፤ ከዚያ ሌላ ምስጋና አያውቁም። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ዴስክ አጠገቤ ብዙ ከርሟል።

ከሥራ ሰዓት ውጭ ዱላና የመጥረቢያ ዛቢያ ይሠሩ ነበር። ገና ሲቃረብ ደግሞ ጫፉ ቆልመም ያለ የገና መጫወቻ። የጌዶ ገበሬ ሁሉ የሳቸውን ዱላ ይዞ ነው ገበያ የሚወጣው። ወይራውን እሳት ላይ እያገላበጡ ያበስሉታል፤ ሲሞቅ ቅቤ ይቀቡታል፤ ቅቤውን ሲጠጣ ደግሞ ይደግሙለታል። እንዲህ ያለ ዱላ አይሰነጠቅም፣ ውሃ አይገባውም፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። እኔም ተማርኩ። እጄ ከደመ ነፍሴ ጋር ተማረው ብል ይሻላል፤ ወይራ ስይዝ ቅቤ ፍለጋ መሄድ ለኔ ልማድ ሆነ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ጉድ ያፈላልኛል።

ከጌዶ ወደ ባኮ ወረድኩ፣ አንድ ትልቅ እርሻ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ውስጥ። ባኮ በቆሎና ሙቀት ነው። የመጀመሪያውን የዶማ ዛቢያ ክምር በእርጥብ እንጨት ሠራሁት፤ ማን ይጠብቃል እስኪደርቅ! ሙቀቱ አደረቀልኝ። ዛቢያው ተኮማተረና አንዱ ዶማ ከእጀታው ወልቆ በሁለት ሠራተኞች መካከል ሾልኮ በቆሎው ውስጥ ገባ። ደግነቱ ማንንም አልነካም። የእርሻው ኃላፊ ወይዘሮ አልማዝ አልተቆጡም። ከዚያ ክምር አንዱን መርጠው አስያዙኝና፣ የሠራኸውን መጀመሪያ አንተ ቆፍርበት አሉኝ። ያን ቀን ስቆፍር ዋልኩ። መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ሲፈነዳ ነበር ትምህርቱ የገባኝ። ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን በራሴ እጅ ሳልሞክር ለሰው አልሰጥም። መቸኮሉን ግን አልተውኩም።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት አምቦ አንድ ሆቴል ጥገና ክፍል ገባሁ። ሥራው የሚወዛወዝ አልጋ፣ የማይዘጋ በር፣ በፍል ውሃው እንፋሎት ያበጠ መስኮት ነው። አንድ ቀን አዲስ የመጣው ሥራ አስኪያጅ ዕቃ ቤቱ ይጽዳ፣ አሮጌ እንጨት ሁሉ ለወጥ ቤት ምድጃ ይሂድ ብሎ አዘዘ። ምሳ ልበላ ስገባ ወጥ ሠሪው መጥረቢያ አንስቶ የተቀደደ የቆዳ ከረጢት ላይ ቆሟል። ከከረጢቱ ውስጥ ረጃጅም ዱላዎች ብቅ ብለዋል። አንዱን መዘዝኩት። ዘንጉ ቀጭን እንጨት ነው፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ቡጢ የሚያህል፣ ማር የመሰለ ሌላ እንጨት ተጋጥሞበታል፤ መጋጠሚያው በክር ተጠምጥሟል። ሌሎቹ ጫፋቸው ብረት ነው። ጆሮዬ ላይ አድርጌ አንኳኳሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ የሆነ ነገር የሰማሁ መሰለኝ። ምሳዬን ትቼ ከረጢቱን ታቅፌ ወጣሁ።

ምንነቱን ግን የሚያውቅ ጠፋ። ዘበኛው የፈረንጅ ገና መጫወቻ ነው አለ፤ ወጥ ሠሪው የእሳት መቆስቆሻ ነው አለ፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ማገዶ ነው አለ፤ ግን ውሰደው ብሎ ተወልኝ። እኔ ከዘበኛው ጋር ተስማማሁና በሆቴሉ ጓሮ እንደ ገና ጨዋታ አመታት መሬቱን ጠለዝኩት። ሣሩ ተነቅሎ ከአፈሩ ጋር ፊቴ ላይ በረረ።

ይህን ሲያዩ የሳቁት አቶ መኮንን የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ወገባቸውን አሟቸው ከአዲስ አበባ ለፍል ውሃው የመጡ እንግዳ ነበሩ። በወጣትነታቸው ጎልፍ ለሚጫወቱ ሰዎች ከረጢት ተሸካሚ ነበሩ፤ እንዲህ ያለውን ዱላ ትከሻቸው ያውቀዋል። ዛሬ ዘንጉ ብረት ነው፤ የድሮው እንጨት ነበር፤ አሁን የሚፈልጉት አሮጌ ዕቃ የሚወዱ ሰዎች ብቻ ናቸው አሉኝ። በሚቀጥሉት ቀናት ሣሩ ላይ ወንበር አስወጥተው አስተማሩኝ። የእንጨት ዘንግ ስትወዘውዘው ይጠማዘዛል፤ ከተጣደፍክ ጫፉ ወደኋላ ይቀርና ኳሱ ሌላ አገር ይሄዳል። የዛሬውም ጠጣር ኳስ አይስማማውም፣ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፤ ለስላሳውን ፈልግ አሉኝ። ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ በሚኒባስ ሾፌር እጅ አንድ ፌስታል ለስላሳ ኳስ ላኩልኝ። ከምክራቸው ሁሉ ያልለቀቀኝ ግን ይህ ነው፦

«ከጉልበትህ ግማሹን ቤት ትተህ ና።»

ለኔ ዓይነቱ ሰው ይህ ቅጣት ነው። ከሥራ በኋላ ሁሉቃ ወንዝ ዳር ያለው ሜዳ እየወረድኩ በብረት ጫፎቹ ለመድኩ። አንዳንድ ቀን ጉልበቴን ግማሹን ቤት ትቼ እሄድና መንገድ ላይ ተከትሎ ይደርስብኛል። ቀስ ብዬ ያነሳሁለት ቀን ግን ኳሱ እጄ ላይ ሳይሰማኝ ይነሳል። እንደዚያ ያለ ዝምታ በዕቃም በሰውም አይቼ አላውቅም። ሲነሳ ሳየው ውስጤም ለአፍታ ያርፋል፤ ለአፍታ ብቻ።

ትልቁን፣ የማር ቀለም ራስ ያለውን ግን አልመታበትም። ዘንጉ ሲታይ ደህና ነው፤ ሲታጠፍ ግን ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ነው። አንድ ቀን እሠራዋለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ፤ መንገድ የሚዘጋበትም፣ እንግዳ የሚጠፋበትም ዓመት አለፈ፤ ጡረታ ወጣሁ።

ጡረታዬ ሳይሰነብት ጫልቱ በራችንን አንኳኳች። የኦቦ ቶሎሳ ልጅ ናት፤ አምቦ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። አባቷን ከጌዶ አምጥታቸው አብረዋት ይኖራሉ። ዓይናቸው ጠፍቷል። ቀዶ ጥገናው ተሞክሮ አልሆነም። ገበያ ሄጄ እመጣለሁ ብለው ወጥተው አስፋልቱ ዳር ያለው የውሃ ቦይ ውስጥ ወድቀው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከአልጋና ከበርጩማ አልተነሱም። ሰውም ማየት ጠልተዋል አለችኝ።

«ጋሽ ደረጀ፣ አባባ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሊያልቁብኝ ነው» አለች። «እርስዎን ይሰሙዎታል። እባክዎ ዱላ ያስይዙልኝ።»

ያን ሰው ተቀምጠው ማየት አልቻልኩም። የዴስኩን ክምር በሁለት እርምጃ የሚዞሩት ሰው ግድግዳ ተደግፈው ጉልበታቸውን ይዳብሳሉ። አንጀቴን በሉኝ። በማግስቱ ዱላ ሠርቼ ወሰድኩ፤ አዳመጡና መልሰው አጠገቤ አስቀመጡት። ሌላ ሠራሁ፤ አጠገቤ። ከክትክታ፣ ከአጣጥ፣ ከሎሚ እንጨት ሠራሁ፤ ሁሉም አጠገቤ። በመጨረሻ ተማረርኩና፣ ኦቦ ቶሎሳ፣ የዕድሜ ልክ ዱላ ሠሪ እንዴት ዱላ አልይዝም ይላል ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ዱላ የምሠራው ለሚሄድ ሰው ነው» አሉ። «ለሚወድቅ ሰው አይደለም።»

ያመጣሁትን ዱላ ሰብስቤ ተነሳሁ።

ያኔ ነው ከረጢቱ ትዝ ያለኝ። እንዲደገፉበት አልነበረም፤ እጃቸው ሥራ ቢያገኝ ብዬ ነው። ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አንዱን ከአንዱ እየለዩ ዳበሱ፣ ትልቁ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መጋጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ዞሩት። ራሱና ዘንጉ ሁለቱም ጫፋቸው በሰያፍ ተጠርቦ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተኝቶ፣ በኮላና በክር ነው የተያዙት። ምስማር የለም። ይህን የሠራው ሰው ማን ነው ብለው ጠየቁ፤ አላውቅም አልኩ። አዋቂ ነው አሉ። ከምሳ ሰዓት በፊት ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው።

አዲስ ዘንግ እንዲገባለት ተስማማን። ሳትቸኩል እንጨቱን እስከ ፋሲካ አድርቀው አሉኝ። ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በገና ዕለት ሰው ሁሉ ሁሉቃ ዳር ሜዳው ላይ ይሰበሰባል፤ ያን ቀን ቢመታበት፣ ኦቦ ቶሎሳም ሰው መሀል ወጥተው ቢሰሙት ብዬ ሐሳቡ ናጠኝ። የቆየ ወይራ ነበረኝ። ጠረብኩ፣ አሞረድኩ፣ እሳት ላይ አገላብጬ አበሰልኩ፣ ቅቤ አጠጣሁት። አስናቀች፣ ለኔ ወጥ ያልተረፈ ቅቤ ለእንጨት ተረፈ ብላ አሾፈችብኝ። ከዚያ በኮላ አጋጠምኩ፣ ሰም በጠጣ የጫማ ሰፊ ክር ጠመጠምኩ። ከውጭ ሲያዩት ሙሽራ ነው።

በገና ቀን ጫልቱ አባቷን ክንዳቸውን ይዛ አመጣቻቸው። ከወደቁ ወዲህ ከቤት ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ሰው እየተነሳ፣ አካም ጂርቱ ኦቦ ቶሎሳ እያለ ሰላም አላቸው። ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀመጡ፣ ጆሯቸውን ወደኔ አዘንብለው። የገና ተጫዋቾች ለአፍታ ጨዋታቸውን አቁመው ከበቡኝ። ግማሹን ጉልበቴን ቤት የመተው ነገር ያን ቀን ከየት ይመጣል! አነሳሁና ለቀቅሁት።

ኳሱ ከቦታው አልተነቃነቀም። የዱላው ራስ ወልቆ ሰው አናት ላይ እየተሽከረከረ አለፈና ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ጫፉ ተሸረፈ። እጄ ላይ ባዶ ዘንግ ቀረ፤ ክሩ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አንዱ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ብሎ ተረተብኝ። እኔማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የባኮው ዶማ እንደገና በረረብኝ። ሳቁ ግን አልነበረም የከበደኝ። ኦቦ ቶሎሳ ተነስተው ጫልቱን፣ ቤቴ ውሰጂኝ ሲሏት ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ እሳቸው ጭራሽ ከክፍላቸው መውጣት ተዉ። እኔ ደግሞ ጭራሽ መቀመጥ ተውኩ። ጠዋት እነሳለሁ፣ ከተማውን እዞራለሁ፣ ጌዶ የሚሄድ ሚኒባስ ሲጣራ አይቼ ያለ ጉዳይ ተሳፍሬ እመለሳለሁ። ወደሳቸው ቤት የሚወስደውን መንገድ ብቻ እያለፍኩት ነበር። አስናቀች ናት በመጨረሻ ያን ባዶ ዘንግና ያንን ራስ በፌስታል ከታ እጄ ላይ ያስቀመጠችው። ሂድ፣ ወይ ይስደቡህ ወይ ያስተምሩህ፣ እኔን ግን አሳርፈኝ አለችኝ።

ሄድኩ። ሰላምታዬን በጭንቅላት ነቅነቅ ተቀበሉ። ዘንጉን አስያዝኳቸው። ሰያፉን በጣታቸው ዳበሱት፣ ጣታቸውን እርስ በርስ አሻሹ፣ ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ቅቤ ቀባኸው?»

«ቀባሁት፤ እርስዎ እንዳስተማሩኝ።»

ዘንጉን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ፤ እየሳቁ ነበር። ቅቤ የጠጣ እንጨት ኮላ አይጠጣም። ኮላው ከላይ ደርቆ ቆዳ ሠራ እንጂ አልያዘም፤ ተሸክሞት የነበረው ክሩ ብቻ ነበር። ለዱላ ጌጥ የሆነው ለመጋጠሚያ መርዝ ነው። ሦስት ዐሥርት ዓመት አናጢ ሆኜ ይህን አጥቼው አይደለም፤ ወይራና እሳት ሳይ እጄ ራሱ ነው ቅቤ ያነሳው። ደግሞም ወይራ ለዚህ ይከብዳል፣ አይታጠፍም አሉ። ከዚያ ወደ ጣሪያው ጠቆሙኝ።

ከጌዶ ሲመጡ ጫልቱን አስቸግረው ያስጫኗቸው የክትክታ ዘንጎች ማገሩ ላይ ተጋድመው ነበር፤ ስንት ዓመት እንደደረቁ እሳቸውም አያስታውሱም። አወረድኳቸው። አንድ በአንድ አዳመጡና አንዱን መረጡ። እኔ በሞረድ ልጀምር ስል እጄን ያዙኝ። ጠርሙስ አስሰበሩኝና በስባሪው ይፍቁት ጀመር፣ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ በሌላው እጃቸው ውፍረቱን እየተከተሉ። ለዚህ ሥራ ዓይን ትርፍ ነው። በየቀኑ ትንሽ ፍቀው ያሳርፉታል፤ ነገም ይደረሳል ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ሆኜ እቁነጠነጣለሁ። አንዳንዴ ተነስቼ ግቢውን ዞሬ እመለሳለሁ፤ የጫልቱን በር፣ የጫልቱን መደርደሪያ ሁሉ ጠገንኩላት። ሲያልቅ የዱላውን ራስ ደጋግሜ ፍቄ አዲስ ሰያፍ አወጣሁለት። ኮላው እስኪደርቅ ሳምንት ሙሉ በሞርሳ አጥብቀው አቆዩብኝ። ከተጠመጠመ በኋላ ነው በተልባ ዘይት ያሸነው፣ እሱንም በስሱ። ቅቤ ወደዚያ ቤት እንዳይገባ ለጫልቱ ነገርኳት።

ፋሲካ አልፎ ነበር። ከቤት አልወጣም ያሉት ሰው ያን ቀን ተነሱ። በጆሮህ አላምንም፣ እኔው ልሰማው ይገባል አሉኝ። ሜዳው ላይ ከእኛ ሌላ ሣር የሚግጡ በሬዎች ብቻ ነበሩ። ያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ኳሱን አስቀመጥኩ። አሁን ቢወልቅ እኚህ ሰው ዳግመኛ ከቤት እንደማይወጡ ልቤ ያውቃል። ቆምኩ። ግማሹን ጉልበቴን ቤት መተው አልቻልኩም፤ ስለዚህ እዚያው ሣሩ ላይ እስኪወርድልኝ ጠበቅሁ። ዕድሜዬን እንደዚያ ጠብቄ አላውቅም። ከዚያ ቀስ ብዬ አነሳሁ።

ጧ አለ፣ አጭርና ደረቅ። ኳሱ ተነስቶ ከበሬዎቹ በላይ አለፈ፣ ወንዙ ማዶ ሣር ውስጥ ጠፋ። የዱላው ራስ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ኦቦ ቶሎሳ እጃቸውን ዘረጉ። አስያዝኳቸው። መጋጠሚያውን ዳበሱ፣ ጆሯቸው ላይ አድርገው አንኳኩ። ከዚያ ገለበጡት፤ ያ የማር ቀለም ራስ መዳፋቸው ውስጥ ገጥሞ ተቀመጠ፣ የዘንጉ ጫፍ መሬት ነካ። ለሌላ ሰው ይረዝም ነበር፤ ለሳቸው ልክ ነው። እኔ አጠገቤ እስኪያስቀምጡት እጠብቃለሁ።

«እስቲ ልፈትሸው» አሉና ተነሱ።

ጫልቱ ክንዷን ዘረጋች፤ አልያዙትም። ዘንጉን ከፊታቸው እያስቀደሙ፣ መሬቱን እያንኳኩና እያዳመጡ፣ ሜዳውን አቋርጠው ወደ አስፋልቱ ወጡ። ቦዩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ ለኩት፣ ተሻገሩት። ጫልቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ ከኋላ ተከተለቻቸው። እኔ ዕንባዬን መደበቅ አቃተኝ፤ የነበሩት በሬዎች ብቻ ስለሆኑ አልደበቅሁትም።

ይህ ከሆነ ቆይቷል። የተረፉትን የብረት ጫፎች ይዤ አሁንም ሁሉቃ ዳር እወርዳለሁ፤ ትልቁ ግን የለኝም። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ መሀል አገኘኋቸው፤ ብቻቸውን ነበሩ፣ ዘንጉ በእጃቸው ወዝ ጠቁሯል። ሰላም ብያቸው፣ ኦቦ ቶሎሳ፣ ፍተሻው አለቀ ወይ አልኳቸው።

«አንተ ዛሬም ትቸኩላለህ» አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።